እየሰማ የቆመው

ግንቦት 27

የሰጡን የጡብ ፋብሪካ ነው። ባለቤቱ ሠራተኞቹን በትኖ ከሄደ ወር አልሞላውም። እሳት ያልነካቸው ጥሬ ጡቦች ግቢው ውስጥ እንደተደረደሩ ቀርተው ዝናቡ መልሶ ጭቃ እያደረጋቸው ነው። ኮሎኔሉ ግቢውን ዞረው ዞረው ጡብ ወደሚተኮስበት እቶን ገቡ። ረጅም ነው፣ ጣሪያው እንደ ዋሻ ጎብጧል፣ የግድግዳው ውፍረት ሰው ያስተኛል። በጡጫቸው መቱትና "ኦፕራሲዮን ክፍላችን ይኸው፤ ከዚህ የተሻለ ምሽግ ማንም አይሠራልንም" አሉ። ሆስፒታሉን የሚመሩት እሳቸው ናቸው፤ እኔንም ቢላዋ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ደስ ባይለኝም አልተከራከርኩም።

"ገና ሳንሞት እሳቱ ውስጥ ከተቱን" አለ ማደንዘዣ ሰጪያችን። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

ይህን ሰው ወታደሮቹ እንቅልፌ ይሉታል፤ ሕመም የያዘው ሁሉ የሚናፍቀው እሱን ስለሆነ ነው። ከዚህ በፊት አብረን ሠርተን አናውቅም። እጁ ጥሩ ነው ይላሉ። ፈሪ ነው ይላሉ ደግሞ። ወደዚህ ስንመጣ የመኪናው ጎማ ሲፈነዳ እሱን ከወንበር ሥር ገብቶ አገኘነው። ልብሱን እያራገፈ ወጣና "ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ? እናቴ ደግሞ ከእኔ ሌላ የላትም፤ ምን ላድርግ" አለ።

ዋና ነርሳችንን ትንሹም ትልቁም እትዬ ይላታል። ቀኑን ሙሉ ጥላሸቱን በሳሙና ስታስፈትግ ዋለች። አሁንም ግድግዳውን የነካ እጅ ጠቁሮ ይመለሳል።

ከቤት ስወጣ ልጄ አኩርፋኝ ነበር። አባቷ "ተያት፣ ትረሳዋለች" አለኝ። እኔ ግን እንድትረሳው አልፈለግኩም።

ግንቦት 30

ከንጋት ጀምሮ። ሆድ። ጭን። ሆድ። መንጋጋ። ከዚያ በኋላ መቁጠር ተውኩ። ቆሜ በላሁ። ምን እንደበላሁ አላውቅም።

ሰኔ 3

ከቁስለኞች ማቆያ ወደ እቶኑ ሳቋርጥ የመድፍ ጥይት የውሃ ማጠራቀሚያው ጎን ወደቀ። ድምፁን አላስታውስም። የማስታውሰው ምድር ብድግ ብላ ፊቴን ስትመታኝ ነው። ቀና ስል እትዬ ክንዴን ይዛ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ከቀኝ ጆሮዬ ትንሽ ደም ወጣ። ጠረግኩት። ታጠብኩና ገባሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ሰው ነበር።

ጆሮዬ ጭው ይላል። እኔ ራሴ ለስንቱ ወታደር "ሁለት ሳምንት ታገስ፣ ይለቅሃል" ብያለሁ። እኔንም ይለቀኛል።

ሰኔ 8

ጭው ማለቱ አልተወኝም። አንዳንዴ እንደ ክረምት ወንዝ፣ አንዳንዴ እንደ ፈላ ጀበና። ሥራ ላይ ስሆን እረሳዋለሁ።

ሰው ሁሉ ማጉረምረም ጀምሯል። ድካም ይመስለኛል። ትናንት እትዬ መቀስ ስጪኝ ብላት መቆንጠጫ ሰጠችኝ፤ ወይም መጀመሪያ የሆነ ነገር ጠይቃኝ ነበር። "አልሰማሽኝም እንዴ?" አለች። "እያሰብኩ ነው" አልኳት።

ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ ሲናገር ምንም ችግር የለብኝም።

ሰኔ 12

ዛሬ ሰላም ዋለ። እዚህ ከመጣን እንዲህ ያለ ጸጥታ አላየንም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወጣች፤ ሥራም ስላልነበረ ሽቦው ላይ የተሰጡትን የኦፕራሲዮን ልብሶች ልሰበስብ ወጣሁ። አንድ በአንድ አጣጥፌ። ቀስ ብዬ። እትዬ ከእቶኑ በር ላይ ሁለት እጇን ታወናጭፍልኛለች። እኔም እጄን አነሳሁላት።

በደረቷ እየተሳበች መጥታ እግሬን ጎትታ ጣለችኝ። ጡቦቹ ሥር ተኛን። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ሞት አማረሽ?"

"ምን ሆነሻል፣ ዛሬ እኮ ሰላም ነው።"

ትክ ብላ አየችኝ። እንቅልፌ በሩ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን አቅፎ ነበር፤ እሱም እንደዚያው አየኝ። እነዚህ ሰዎች ነርቫቸው አልቋል። ለኮሎኔሉ ልነግራቸው ይገባል፣ ትንሽ እረፍት ቢሰጧቸው።

ማታ ልብሶቹን ስናወጣ ሁለቱ ወንፊት ሆነዋል። ሽቦው ላይ ሆነው ብል አይበላቸው። ከበፊትም እንደዚያ ነበሩ ይሆናል።

ሰኔ 16

የጦር ጓድ መሪ፣ ሆዱ ውስጥ ፍንጣሪ። አንጀቱን እየሰፋሁ ሳለ ጥላሸት እንደ በርበሬ ከጣሪያው ረገፈብን። "ይህን ጣሪያ ማነው የሚነቀንቀው?" ብዬ ተቆጣሁ። ቀና ስል መሣሪያ አቀባዩ ጠረጴዛው ሥር ነው። መብራት ያዡ የለም። እንቅልፌ ብቻ በሽተኛው ራስጌ ቆሟል፤ ጥርሱ ሲንገጫገጭ ጭምብሉ ይንቀጠቀጣል። "ቁሙ" አልኳቸው። ቆሙ። ጨረስን።

ማታ ወሬው ግቢውን ሞልቶታል። ዓለቷ ብለውኛል። "መድፍ በራስዋ ላይ እየጮኸ ስፌት ትመርጣለች" ይላሉ አሉ። አንድ ክራንች የያዘ ቁስለኛ ሳልፍ ተነስቶ ሰላምታ ሰጠኝ።

ሥራ ላይ ስሆን ሐሳቤን እሰበስባለሁ። ልምድ ነው። ሌላ ምንም አይደለም።

ያም ሆኖ ሰላምታውን ሳልመልስ አለፍኩ።

ሰኔ 19

ባለቤቴ ደወለ። የሠራዊቱ ስልክ መስመሩ አይረባም፤ የልብስ ስፌት መኪናውን እዚያው አጠገቡ እያስጮኸ የሚያወራ ይመስላል። ልጅቷን አቀረበልኝ። የሆነ ነገር ዘፈነችልኝ መሰለኝ። "ጎበዝ" አልኳት። ዝም አለች። ዘፈን ሳይሆን ጥያቄ ኖሮ ይሆን?

"መስመሩ ተበላሽቷል" ብዬ ዘጋሁት። ከእኔ ቀጥሎ የገባው ወታደር በዚያው ስልክ ከወንድሙ ጋር ረጅም ሰዓት ሲሳሳቅ ነበር።

ሰኔ 24

አንድ የመገናኛ ወታደር ሞተብኝ። ጉበቱ ተቀዶ ነበር። እንደዚያ የተቀደደ ጉበት ብዙ ጊዜ አይተርፍም።

ልጽፈው ይገባል፣ እንደሆነው። ቀዳዳውን ለመስፋት ገባሁ። ጥሩ እየሄደልኝ ነበር። የደም ግፊቱ እየወረደ መሆኑን ባውቅ ኖሮ እጄን አቁሜ፣ ጨርቅ ጠቅጥቄ፣ ደም እስኪተካለት እጠብቅ ነበር። ማንም ባለሙያ የሚያደርገው ነው። አልተነገረኝም። ቀና ስል ሁሉም እኔን ያያሉ። የእንቅልፌ ዓይን በጭምብሉና በቆቡ መካከል ፈጥጧል። ያኔ አልቆ ነበር።

ኮሎኔሉ ሁለታችንን ጠሩን። "ለምን አላቆምሽም?" አሉኝ።

"አልተነገረኝም።"

ወደ እንቅልፌ ዞሩ። እንቅልፌ መሬት መሬቱን ያያል። "ድምፄን ከፍ ማድረግ ነበረብኝ" አለ።

እንግዲህ ራሱ አመነ። ሁልጊዜ ያጉረመርማል ብያለሁ።

ስወጣ እትዬ መንገዴን ዘጋች። "ሦስት ጊዜ ነግሮሻል" አለችኝ። ቀስ ብላ፣ አፏን ከፍታ፣ ለሕፃን እንደሚነገር።

ሰኔ 25

እንደዚያ የተቀደደ ጉበት አይተርፍም። መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው።

ሰኔ 25፣ ማታ

የመገናኛው ልጅ ከመተኛቱ በፊት አፉን እያንቀሳቀሰ ነገር ሲነግረኝ ነበር። "አይዞህ" አልኩት። ምን እንዳለኝ አላውቅም። እንቅልፌን ብጠይቀው ያውቅ ነበር። አልጠይቀውም።

ሰኔ 27

ዛሬ እንቅልፌ ቦታውን ቀየረ። ከበሽተኛው ራስጌ ግራ፣ እኔ አጠገብ ቆመ፤ ጠባብ ክፍል ነው፣ እግሬን ረገጠኝ። ቀና ብዬ አየሁት። በዓይኑ ወደ ግፊት መለኪያው ጠቆመኝ። ወርዷል። አቆምኩ፣ ጠቀጠቅኩ፣ ጠበቅን። ግፊቱ ሲመለስ በራሱ ነቀነቀልኝ። ሰውዬው ዳነ።

ከሰዓትም እንደዚሁ። አንዴ ሲረግጠኝ ግፊት ነው። ሁለቴ ሲረግጠኝ እጅሽን አንሺ ነው። ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ዕድሜ ልኬን የሰው ጆሮ አብርቼ ያየሁ ሐኪም ነኝ። መስተዋትና ባትሪ አለኝ። የራሴን አላየሁም።

ሐምሌ 1

አልሰማም።

በቀኙ ምንም። በግራው ሰው ቀርቦ ከጮኸ ብቻ። ይኸው ጻፍኩት። ሰኔ 12 ሰላም አልነበረም። ሰኔ 16 ዓለት አልነበርኩም። የመገናኛው ልጅ ጉበቱ ባይተርፍም፣ ያን ዕለት ላይሞት ይችል ነበር፤ ሁለቱን ማምታታት አልችልም።

ዛሬ ባለቤቴ ሲደውል ስልኩን አላነሳም አልኩ። እንቅልፌ ተቀበለኝ። ፊት ለፊቴ ጡብ ላይ ተቀመጠና ለልጄ "እኔ የእናትሽ አፍ ነኝ፤ ዛሬ ጉሮሮዋን አሟታል" አላት። ከዚያ የምትለውን ሁሉ፣ ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ፣ እያንዳንዷን ቃል እያላመጠ መለሰልኝ። ጥርሷ ወልቋል። የፊት ለፊቱ። አባቷ ዩኒፎርሟን አሳጥሮ ሰፍቶባት ክፍል ውስጥ ስቀውባታል። በፊት የጠየቀችኝ "መቼ ነው የምትመጪው?" ነበር፤ እኔ "ጎበዝ" ስላት ግራ ገብቷት ነው ዝም ያለችው። ያ ጺማም ሰውዬ ከንፈሩን እንደ ሕፃን አሹሎ "እማዬ፣ አሁንም አኩርፌሻለሁ፣ ግን ትንሽ ነው" ሲለኝ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

ስልኩን ዘግቶ "ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?" አለኝ።

"አንተስ?"

"ልብስ ሲያጣጥፉ ካየሁ ጀምሮ። እንደዚያ የሚያጣጥፍ ሰው ወይ ቅዱስ ነው ወይ ደንቆሮ። ቅዱስ ደግሞ እንደርስዎ አይሳደብም።"

"ለኮሎኔሉ ለምን አልነገርክብኝም?"

እጁን አሻሸ። "ከእርስዎና ከእሳቸው ሌላ ቀዳጅ ሐኪም የለንም፣ ዶክተር። የመጣውን ቁስለኛ ሁሉ እሳቸው ብቻቸውን አይችሉትም። ይህንን ስቆጥር ከረምኩ። የመገናኛውን ልጅ ግን በእኔም ሒሳብ ይያዙት። ያኔ መጮህ እችል ነበር። ሰው ፊት ላሳፍርዎት አልፈለግኩም።"

ነገ እነግራቸዋለሁ።

ሐምሌ 2

ኮሎኔሉ ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። ነገ።

ሐምሌ 5

ግንባሩ ቀርቧል። እኔ በሰው ፊት ነው የማውቀው፤ የሁሉም አንገት ወደ ምሥራቅ ጠምዛዛ ሆኗል። ቁስለኞቹ የሚመጡት በመኪና መሆኑ ቀርቶ በቃሬዛ፣ በሰው ጀርባ ነው። አንዱ ወደ ሌላው ጠጋ ብሎ "የምንወጣበት ድልድይ ከሄደ እኛም ሄድን" ሲል ከንፈሩን አነበብኩ። መስማት ሳቆም የሰው ምሥጢር ማየት ጀመርኩ፤ አልወደድኩትም።

ከእንቅልፌ ጋር ሦስተኛ ምልክት ጨመርን። ረግጦ ካልለቀቀኝ፣ መድፉ ቀርቧል፣ ጠረጴዛው ሥር ውረጂ ማለት ነው። "ይህን እኔ ራሴ ነኝ የምፈልገው፤ እርስዎ ካልወረዱ እኔ መውረድ አፍራለሁ" አለ።

ለኮሎኔሉ አልነገርኩም። ዛሬ ግን እውነትም ጊዜ አልነበረም።

ሐምሌ 9

አሁን ነው የምጽፈው፣ ካለቀ በኋላ።

ጠዋት ኮሎኔሉ የሚወጡትን ቁስለኞች መኪና ላይ ሲያስጭኑ ተመቱ። ፍንጣሪ፣ ከጭናቸው ሥር፣ ትልቁ የደም ሥር። እትዬ ጡጫዋን ቁስሉ ውስጥ ከትታ፣ ቃሬዛው ላይ ተፈናጥጣ ነው ይዛቸው የገባችው። ፊታቸው ነጭ ነበር። እኔን ሲያዩ "ረጋ ብለሽ" አሉኝ። ከንፈራቸውን አነበብኩ።

ጄኔሬተሩ ወዲያው ጠፋ። በግንባር መብራት ሠራን። ከላይ ቆርጬ፣ የደም ሥሩን ፈልጌ፣ ይዤ፣ አሰርኩ፤ ከዚያ የተበጠሰውን ለመቀጠል ቁጭ አልኩ። የመርፌው ክር ከፀጉር የቀጠነ ነው። ረጅም ሥራ ነው፤ ልብ የማይቸኩልበት ሥራ። ጥላሸት ይረግፋል፤ እትዬ በገላዋ ትከልላለች። ከንፈሯ ያለማቋረጥ ይንቀሳቀሳል። እኔ የእንቅልፌን እግር እጠብቃለሁ። አንዴ ረገጠኝ፤ ቆምኩ፤ ደም ሰጣቸው፤ በራሱ ነቀነቀልኝ። ቆይቶ አንዴ ደግሞ። ከዚያ ምንም። ስለዚህ መድፉ ሩቅ ነው፣ ጥላሸቱ ልማዱ ነው ብዬ ቀጠልኩ። እጄ እንደ ዛሬ ረግቶልኝ አያውቅም። የመጨረሻውን ቋጠሮ አስሬ መቆንጠጫውን ስለቅ እግራቸው ከሥር ቀላ፣ ሞቀ። በጣቴ ነካሁት፤ ይመታል።

ከእቶኑ ወጣሁ። ግቢው የለም። የመድኃኒት መጋዘኑ እየነደደ ነው። ጡቦቹ የቆሙበት ቦታ ጉድጓድ ነው፣ ከጉድጓድ ጎን ሌላ ጉድጓድ፣ እስከ እቶኑ ደጃፍ ድረስ። ወታደሮች ከምሽግ ውስጥ ራሳቸውን ብቅ አድርገው እንደ ሙት መንፈስ ያዩኛል።

ተመለስኩ። እንቅልፌ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል።

"ረግጠህ አልያዝከኝም" አልኩት።

"አልያዝኩም።"

"ስንት ነው የወደቀው?"

"አይጠይቁኝ።"

"ምልክት ነበረን እኮ።"

ቀና ብሎ ከንፈሩን አስተካከለልኝ። "ብይዝዎት ኖሮ ምን ሊያደርጉ? ኮሎኔሉን ጥለው ሊወርዱ?"

"አልወርድም።"

"እንግዲያው መስማቱ ምን ያደርግልዎታል? እጅዎ ይንቀጠቀጣል እንጂ። እኔ ሰማሁት፤ ለአንድ ክፍል አንድ ሰሚ ይበቃል።"

ሱሪው እርጥብ ነበር። እንዳላየሁ ሆኜ ካፖርቴን ጉልበቱ ላይ ጣልኩለት።

ማታ ውጭ ወታደሮቹ ሲያወሩ ብርሃን ላይ አየኋቸው። ዓለቷ ይላሉ። አንዳቸውም የእሱን ስም አላነሱም።

ሐምሌ 10

ኮሎኔሉ ነቁ። ወደ ኋላ የሚወስዳቸው መኪና ከመምጣቱ በፊት አጠገባቸው ተንበርክኬ ነገርኳቸው። ከሰኔ 3 ጀምሮ። ልብሱን። የመገናኛውን ልጅ። የእግሩን ነገር። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ፤ ከዚያ ሳይገልጡ ረጅም ነገር ተናገሩ። ጺማቸው አድጓል፣ ከንፈራቸው አልታይ አለኝ። ወደ እንቅልፌ ዞርኩ።

"ምን አሉ?"

"'እረፊ' አሉ።"

"ያን ያህል አይረዝምም። የተናገሩትን ንገረኝ።"

ኮሎኔሉን አየ፤ እኔን አየ። "'የመገናኛው ልጅ ሳይሞት ብትነግሪኝ ኖሮ' አሉ። ቀጥለው 'ተተኪ እስኪመጣ ድረስ ከዚህ ሰውዬ እግር ሳትለዪ ሥሪ፤ በመጣበት ቀን ቢላዋውን አስረክቢ። ከዚያ በኋላ እንዳትይዥ' አሉ።"

"እሺ ጌታዬ" አልኳቸው። እጃቸውን ዘርግተው ጉንጬን መታ አደረጉኝ። ቀለል አድርገው፣ ወይም አቅም አጥተው።

ሐምሌ 14

ተተኪው መጣ። ወጣት ነው፣ ጫማው ገና ያብረቀርቃል፣ እጁ ግን የተማረ እጅ ነው። ሁሉንም ነገርኩት። "ይቅርታ" ብሎ ጮኸ፤ ሰው ሲያዝንልኝ ለምን እንደሚጮህ አልገባኝም። ቢላዋዎቼን አስረከብኩ። አሥራ አምስት ዓመት። ስወጣ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ፤ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ማቆያ ክፍል ሆኜ ቁስል እጠባለሁ፣ ፋሻ እቀይራለሁ። ማታ እንቅልፌ እያፈረ መጣ። በልማድ ወጣቱን ሐኪም ረግጦት ኖሯል። "'ምን ነካህ፣ አፍ የለህም?' አለኝ" ብሎ ነገረኝ። ሳቅን። ከሳቅን ስንት ጊዜ ሆነን።

"አንተስ ለምን እረፍት አትጠይቅም?" አልኩት።

"ጠይቄ ነበር። ሁሉም ሲወጣ አብረህ ትወጣለህ አሉኝ።" "አልዋሽዎትም፤ ሌሊት ሌሊት እንዳንቺ ባልሰማ እላለሁ" አለ። አንቺ ማለቱን አላወቀውም። እኔም አላረምኩትም።

ሐምሌ 17

በሚሄድ መኪና ላይ ነው የምጽፈው። አንድ እጄ ሥራ ላይ ነው።

ጠዋት ውጡ የሚል ትእዛዝ መጣ። ቁስለኞቹን እየጫንን ነበር። እቶኑ ውስጥ አንድ ሰው ቀርቶ ነበር፣ የታንክ ሹፌር፣ ደረቱ ተከፍቷል፣ ሊዘጉት ነው። እኔ መኪናው ጋ ነኝ። የሰዎቹ ፊት ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደ እቶኑ ሲዞር አየሁ። አቧራው ከአፉ ወጣ። ሮጥኩ። የሚቀጥለው ጥይት ይምጣ አይምጣ አላውቅም፤ እኔ የምሮጠው በጸጥታ ውስጥ ነው።

ከዚያ በፊት የሆነውን እትዬ ነው የነገረችኝ። የመጀመሪያው ጥይት የእቶኑ ደጃፍ ላይ ወደቀ። ጣሪያው ተሰነጠቀ። ሁሉም ወጡ፤ ማንም አይወቅሳቸውም፣ ሊናድ ነበር። የመተንፈሻው መሣሪያ ከመብራቱ ጋር ጠፍቷል፤ እንቅልፌ በእጁ የማስተንፈሻ ፊኛውን እየጨመቀ ለሰውዬው ያስተነፍስለታል። ወጣቱ ሐኪም እጅጌውን ይዞ ጎተተው። "እኔ ከለቀቅኩ እሱም ይለቃል" አለ። ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ አለች። አልወጣም።

ስገባ በሽተኛው ፊት ላይ ጎንበስ ብሎ ነበር፣ ጡቡን ሁሉ በጀርባው ተቀብሎ። እጁ ፊኛውን እንደጨበጠ ነው። የሹፌሩን ደረት አየሁ፤ አይነሳም። ጣቶቹን አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረብኝ። ይሞቃሉ። ፊኛውን ያዝኩና ጨመቅኩ። ደረቱ ተነሳ። እንደገና።

እሱን ቀና አድርጌ አላየሁትም። ጊዜ አልነበረም። እጄን ከለቀቅኩ ሹፌሩም ይለቃል።

ወጣቱ ሐኪም ተመለሰ። ይህ ይጻፍለት። በዚያ ጣሪያ ሥር ደረቱን ዘጋው። ሁለቱንም ተሸክመን ወጣን። እቶኑ ከኋላችን ሲናድ በእግሬ ነው ያወቅኩት፣ ከመሬቱ።

እንቅልፌ እዚሁ መኪና ላይ ነው፣ በሸራ ተሸፍኖ። ቦታ ጠባብ ነው። መኪናው በዘለለ ቁጥር እግሩ እግሬን ይነካኛል። እኔም በነካኝ ቁጥር ቀና እላለሁ።

ሐምሌ 18

ደረስን። እዚህ መብራት አለ፣ መሣሪያ አለ፣ የነጣ አንሶላ አለ። ፊኛውን ከእጄ ሲቀበሉኝ ጣቶቼ አልዘረጋ አሉኝ። አንዲት ነርስ በሞቀ ውሃ አሸችልኝ።

ኮሎኔሉ ጺማቸውን ተላጭተው በተሽከርካሪ ወንበር መጡ። ስለ እኔ ለበላይ የጻፉትን ነገሩኝ፤ ሰኔ 16ን እና ሐምሌ 9ን፣ ለሜዳይ። "ያን ያደረገው እየሰማ የቆመው ነው" አልኳቸው። "ከእኔ ስም ወደ እንቅልፌ ስም ቀይሩት። ካልሆነ ቆሜ አልቀበለውም።" "ስሙን እስከ አያቱ ጻፊልኝ" አሉ። እስከ አያቱ አላውቀውም ነበር። እረፍት ከጠየቀበት ማመልከቻ ላይ ፈለግኩት።

እናቱን ሄጄ እነግራታለሁ። በሰው አልልክባትም። ምን እንደምትለኝ ላልሰማ እችላለሁ። ያም ቢሆን ፊቷን አያለሁ።

ሐምሌ 20

የታንክ ሹፌሩ ዛሬ ነቃ። ቱቦውን አወጡለት። ወጣት ነው፣ ተኝቶ ሳየው ከመሰለኝ ይበልጥ። አጠገቡ ተቀምጬ ከንፈሩን በውሃ አራስኩለት። ጣሪያውን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ አልጋውን ዙሪያውን በዓይኑ ፈለገ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ቀስ ብሎ፣ አጥርቶ ተናገረ።

"ያ ሲያስተኛኝ እጄን ይዞኝ የነበረው ሰውዬ የት አለ?"

"አልሰማሁህም" አልኩት። ጆሮዬን እያሳየሁ ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። በመጀመሪያው ገብቶኝ ነበር።